መንዙማ፦ የአመጽ ማኅደር

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴላክሯ እ.ኤ.አ. በ1830 በፓሪስ የተነሳውን ሕዝብ በሸራ ሣለው፤ ሥዕሉ ዛሬ በሉቭር ሙዚየም ይታያል። የእኛ አያቶች እምቢታስ የት ተቀመጠ?

በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። ወሎ ውስጥ ብዙዎች አሻፈረኝ አሉ። አመጹን በትጥቅ ከመሩት አንዱ ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር (ረሒመሁላህ) ነበሩ። እኚህ ዓሊም የመንዙማ ገጣሚም ናቸው፤ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ጻፉት። ያልተማረው ገበሬም ሰምቶ ይረዳዋል፣ በቃሉ ይይዘዋል። መንዙማ ውዳሴና ዱዓ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ በደልም ይነሳበታል።

ወንድሞችና እህቶች! ሸራ በሙዚየም ይጠበቃል፤ መንዙማን የሚጠብቀው የሰው ልብ ነው። አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፣ በስልካችሁ ቅረጿቸው።