ድንጋዩ የደበቀው እንጨት

አክሱም ስሄድ ሐውልቶቹን አንጋጥጬ አያለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ከመምህርነት ከወጣሁ በኋላ ግን አንዱን በካሬ ደብተር ላይ ልስለው ሞከርኩ። ያኔ ነው ለካ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ! በየፎቁ መሐል የተደረደሩት ክብ ጉጦች ምንድን ናቸው? በመስኮቱ ማዕዘን ያሉትስ አራት ማዕዘኖች? እርሳሴ ቆመ።

ይህን ጥያቄ በሜትር የጠየቁት በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ከጀርመን የመጡ ሰዎች ናቸው። ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ አርክቴክቶች ነበሩ። ሐውልቱን ብቻ ስለው ቢሄዱ ኖሮ ጥሩ ሥዕል ይተርፈን ነበር፣ በቃ። እነሱ ግን የደብረ ዳሞንም ቤተ ክርስቲያን ለክተው ሳሉ። እዚያ ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ የተሠራ ነው። አግድም የተጋደሙትን ወራጆች የሚይዙት እንጨቶች ግድግዳውን አቋርጠው ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ይገለጣል። የሐውልቱ ጉጥ የዚያው እንጨት ጫፍ ነው! አንድ ወጥ ድንጋይ ደግሞ ወራጅ የሚይዝለት አይፈልግም። የወደቀው ትልቁ ሐውልት፣ 33 ሜትሩ፣ ባለ 13 ፎቅ የእንጨትና የድንጋይ ቤት መልክ ነው። ቅኔ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ሰሙ ድንጋይ ወርቁ እንጨት የሆነውን ሳላይ መቅረቴ ያሳፍራል።

እነዚሁ ሰዎች የተአካ ማርያምን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም ቆፍረው ፕላኑን አነሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ በላዩ አለፈበት። ዛሬ ስለዚያ ሕንፃ የምናውቀው በአብዛኛው ከዚያ ወረቀት ነው። መቼም ወረቀት ሁሉ አይታመንም። ክሬንከር ለእንዳ ሚካኤል የሳላቸው ማማዎች ግምት ናቸው፤ በቁፋሮ የተገኘው መሠረቱ ነው። መስመር ሲሳል የተለካውና የተገመተው ካልተለየ፣ ግምቱ እያደር ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ሰፈር አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት አለ፣ በረንዳው የእንጨት፣ ደረጃው በውጭ በኩል። ሊፈርስ ነው አሉ። ያደገበት ሰው «ፎቶ አንስቼዋለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። የግድግዳው ውፍረት ስንት ነው? ወራጁ የት ላይ ነው የሚያርፈው? ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዘን ልንገባ ተቀጣጥረናል። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሱ ይይዛል።