ስለ አንዲት ትንሽ ታንክ

ሽማግሌ ሰው በመጫወቻ ተጠምዶ ሲገኝ ጎረቤት መሳቁ አይቀርም። እኔም ተስቆብኛል። ነገር ግን ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህች የማወራልህ መጫወቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ በክፍል ውስጥ ቆሜ ካስተማርሁት ታሪክ አንዱን ምዕራፍ እንደ ገና አስተምራኛለችና ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በ1960ዎቹ ዓመታት በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፣ ሂሳብ ያስተምሩን የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ሲያስሩ ልጃቸው ሠርቶ የተጫወተባትን ታንክ ከነካርቶኗ ሰጡኝ። ጃፓን ሠራሽ ናት። በሺዙኦካ ከተማ ያለው የታሚያ ኩባንያ ቀድሞ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ አምሳያዎችን ያወጣ ነበር፤ በኋላ ዘመኑ ወደ ፕላስቲክ ሲያደላ እርሱም ተከተለና በ1954 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1961) ፓንተር የሚባለውን የጀርመን ታንክ አሳንሶ፣ በሞተር የሚሄድ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። መጠኑ የእውነተኛው ታንክ 1/35 ነው። ይህ ቍጥር ከምን እንደ መጣ ባነበብሁ ጊዜ ሳቅ አምልጦኛል። የተመረጠው በሌላ ጥበብ ሳይሆን ሞተሩና ሁለት የባትሪ ድንጋይ በሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሲባል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ታንክ አሳንሰው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚከተሉት ልክ እንግዲህ ከባትሪ ድንጋይ የተወለደ ነው።

ሥራ ከያዝሁ በኋላ ታንኪቱን ከሣጥን ወደ ሣጥን ሳዛውር ኖርሁና ጡረታ ወጥቼ ከሚሴ ከተቀመጥሁ በኋላ አንድ ቀን ካርቶኑን ከፈትሁት። ያየሁት የሚያሳዝን ነበር። በልጅነቴ ሳላወጣቸው የረሳኋቸው የባትሪ ድንጋዮች ፈስሰው ኤሌክትሪኩን የሚቀበሉትን የብረት ልሳኖች በልተዋቸዋል። ለስላሳው ሰንሰለት ደግሞ የነካቸውን መንኮራኵሮች አቅልጦ ተጣብቆባቸዋል፤ ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ቅመም ከጊዜ ብዛት ወደ ጠንካራው ፕላስቲክ እየዘለቀ ያቀልጠዋልና። ጥፋቱ የራሴ ነው። ድንጋዮቹን አውጥቼ፣ ሰንሰለቱንም ፈትቼ ለብቻው በወረቀት ጠቅልዬ ባስቀምጠው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ጥገናው አንድ ወር ያህል ፈጀብኝ። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፤ የተበላውን ልሳን ከጣሳ ቈርጬ ተካሁ፤ የተበጠሰውን ሽቦ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ አስበየድሁ። ሞተሩ ግን ተኝቶ ነበር እንጂ አልሞተም፤ በጣቴ ጥቂት አዙሬ፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ባደርግለት ነቃ። ሞተር ብቻውን ታንክ አይጎትትም፤ እጅግ ይፈጥናል፣ ጕልበት ግን የለውም። ትንሹ ጥርሳም ማርሽ ትልቁን፣ ትልቁም ሌላውን እያዞረ ፍጥነቱን ወደ ጕልበት ሲለውጠው ነው ሰንሰለቱ የሚንቀሳቀሰው። አዲሱን ሰንሰለት ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቈርጬ አበጀሁ። የቀለጡትን መንኮራኵሮች አልተካኋቸውም፤ ቀለምም አልቀባኋትም። ዕድሜዋን የምደብቅበት ምክንያት አልታየኝም።

በጠረጴዛ ላይ ስሞክራት ሁለት የጎረቤት ልጆች፣ አንዲት የ12 ዓመት ልጅና ታናሽ ወንድሟ፣ ቆመው ያዩ ነበር። ታንኪቱ እያጓራች መሄድ ስትጀምር ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደጅ ወጣ።

«ጋሼ፣ እሱ ታንክ አይወድም» አለችኝ እኅቱ። «ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ትንሽ ነበር።»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ እንደ ነበር እዚህ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ሞተሩን አጠፋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሌሊት ታንኪቱን ወደ ካርቶኗ መልሼ ላሽጋት ቈርጬ ነበር። የሰው መግደያ የሆነውን ነገር አሳንሶ ለልጅ ማሳየት ምን ይባላል? አሳቤን ያስለወጠኝ ልጅቷ በማግሥቱ ይዛው የመጣችው ጥያቄ ነው።

«ጋሼ፣ ጣልያን በኛ መንገድ ይዞት የመጣው ታንክ ይኼ ነው?»

ይህ አይደለም። ፓንተር 45 ቶን ያህል የሚመዝን፣ ጀርመኖች በ1935 ዓ.ም. ወደ ጦር ሜዳ ያወጡት ታንክ ነው፤ አገራችንንም አላየም። ጣልያን ያመጣው ሌላ ነው። እንግሊዞች ካርደን ሎይድ ከሚሉት ትንሽ ታንክ ተወስዶ ፊያትና አንሳልዶ የሠሩት ሲሆን ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ያልፋል፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ30 ገደማ የሆነ የብረት ሣጥን ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጣብበው ይቀመጡበታል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሁለተኛው በመትረየስ ይተኵሳል። መትረየሱ በሚሽከረከር ራስ ላይ የተተከለ ስላልሆነ ከፊት ለፊት ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከማለት በቀር ዞሮ ኋላውን አይመታም።

እኔ በክፍል ውስጥ፣ «ጠላት በታንክና በአውሮፕላን መጣብን» ብዬ አልፍ ነበር። ተማሪውም በልቡ የሚሥለው ተራራ የሚያህል ብረት ነው። ደምበጊና ላይ የሆነው ነገር የሚገባን ግን ልኩን ስናውቅ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ጦር ሽሬ ውስጥ ደምበጊና በሚባለው በር ላይ ታንክ ካለው የጣልያን ጦር ጋር ተጋጠመ። ቦታው ጠባብና ድንጋያማ በመሆኑ ታንኮቹ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ወታደሮቻችንም ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ በላያቸው ወጡባቸው። በውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች በጠባብ ቀዳዳ ፊታቸውን ያያሉ እንጂ ጀርባቸውን አያዩም፤ በጀርባቸው የቆመውንም የሚመቱበት መሣሪያ የላቸውም።

ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ ተማሪዎቼን አስጨብጭቤአለሁ። ያደረግሁት ልክ አልነበረም። ከደምበጊና በስምንተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 13፣ የጣልያን አውሮፕላኖች በዚያው በራስ እምሩ ጦር ላይ በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ ጣሉበት። በታንክ ጀርባ ላይ የወጣ ጀግና በሰማይ ላይ ያለውን ምን ያድርገው? ቆዳ የሚልጥ፣ ዓይን የሚያሳውር መርዝ በጎራዴ አይመለስም።

በእኛ በኩል ያለፈው ጦር ደግሞ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ውጊያ ተደረገ፤ ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሥቶ 1,700 ያህል መኪናና ጥቂት ትንንሽ ታንኮች ይዞ ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመረ። ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ተሰብሮ ቆየው። ያ ሁሉ መኪና ወታደሮቹ በአካፋና በዶማ መንገዱን እስኪጠግኑ ድረስ ሁለት ቀን ያህል ተገትሮ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ነው። ቍጥሩን ላስተዋለ ሰው የዚያ ጕዞ ጕልበት ታንኩ ሳይሆን የጭነት መኪናው ነበር። መኪና፣ ጎማ፣ ቸርኬ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የታንክ ስም ግን ከእነርሱ አልመጣልንም።

ይህን ለልጅቷ ከነገርኋት በኋላ የዚያን ታንክ አምሳያ አብረን ለመሥራት ተስማማን። በ1/35 ቢሠራ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን የባትሪ ድንጋይ አይችልም፤ ስለዚህ 1/10 አደረግነው። በመጀመሪያ ግን የእውነተኛውን ልክ በግቢዬ መሬት ላይ በዐመድ አሠመርሁ። የሰፈር ልጆች በኦሮምኛ እየቈጠሩ በእርምጃ ለኩት። ሁለቱ ነጂና ተኳሽ ሆነው በውስጡ ሲቀመጡ ክርናቸው ተጋጨ። ቁመቱን በበትር ብንለካው ከልጅቷ ትከሻ ጥቂት ከፍ አለ። ታናሽ ወንድሟ እስከዚያ ድረስ ከበሩ አልራቀም ነበር።

«ይኼን ያህል ብቻ ነው?» አለ ከዚያው ሆኖ።

ከዘይት ጣሳ ገላዋን ቈረጥን፤ ከተሰበሩ ሁለት የካሴት ቴፖች ሁለት ሞተር አወጣን። ለእያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ ሞተር የሰጠነው ታንክ በምን እንደሚዞር ለማሳየት ነው፤ አንዱ ሰንሰለት ሲቆምና ሌላው ሲሄድ ታንክ ወደ ቆመው ወገን ይዞራል። የግራው ሞተር ከቀኙ ስለሚደክም የእኛዋ ሳንፈልግ ወደ ግራ ታጠማለች፤ እስካሁንም አላቃናናትም።

የሞከርናት ዕለት ልጁ መጣ። ጆሮውን አልያዘም፤ ከፊት ለፊቷ ግን አልቆመም። በዝግታ ዞሮ በኋላዋ መጣና በሁለት እጁ ከመሬት አነሣት። ሰንሰለቶቿ በአየር ላይ ይዞሩ ነበር።

«አጥፋው እንጂ፣ ድንጋዩን ትጨርሰዋለህ» አለችው እኅቱ።