ስለ ሣቅና ስለሚያልፍ ዘመን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቧልትን እንደ ቀላል ነገር አትየው። በአገራችን የቴያትር መጀመሪያ የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ራሱ ኮሜዲያ ነበር። በ1910ዎቹ ዓመታት በመኳንንቱ ፊት ታየ፤ በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም፣ ነገሩ ለማን እንደ ተነገረ ስለ ታወቀ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የአውሬ ቆዳ እንኳ ሣቅን ሊያስጥል ያልቻለበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ያህል ሲያልፍ መንግሥቱ ለማ ያንን የአውሬ ቆዳ ገፈው ሰዎቹን በገዛ ፊታቸው መድረክ ላይ አወጧቸው። «ጠልፎ በኪሴ»ና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉት ቴያትሮቻቸው በ1950ዎቹ የታዩ ናቸው። የሚሣቅባቸው ድኾችና መሃይሞች አይደሉም፤ ተማሩ የተባሉ፣ ወገን ያላቸው፣ በአንድ እጃቸው የአባቶችን ወግ በሌላው የፈረንጅ መጽሐፍ የያዙ ጎልማሶች ናቸው። ደራሲው የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ ቅኔ ተምረዋል፣ ለንደንም ተምረዋል። ሁለቱንም ቤት ከውስጥ ስላወቁት ቧልታቸው ስድብ አልሆነም። በውጭ ቆሞ የሚሣለቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተሳዳቢ ነው።

«አቻ» እኩያ ማለት ነውና የ«ያላቻ ጋብቻ» ነገር በስሙ ይታወቃል። ውጭ አገር የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ የከተማውን ኑሮ ትቶ ገጠር ይገባል፤ ይባስ ብሎ ገረዱን ያገባል። አክስቱ ደግሞ ትውልድ የምትቈጥር፣ ክብር የምትመዝን ሴት ናትና ነገሩ ያሳብዳታል። እኛ በይፋት ቆላ የዚያችን አክስት ወገኖች እናውቃቸው ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዳንድ የባለርስት ልጆች ከአዲስ አበባ በመኪና ተነሥተው ጣርማበርን ወርደው ይመጡ ነበር። ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱን ይራገማሉ፤ የእርቦው ማሽላ ሲሰፈር ዓይናቸው ከመንገዱ አይነቀልም። ክፉዎች አልነበሩም። የሚበሉት እህል ከየት እንደሚመጣ አይተውት የማያውቁ ልጆች ነበሩ እንጂ።

ስለዚህ በፈቃዱ ገጠር የሚገባ የተማረ ሰው ለከተማው ተመልካች ጥሩ ማሣቂያ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ግን ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ታዘዙ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። በቴያትሩ አንዱ ጎልማሳ በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ነገር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ፤ አክስቱም በርስቷ ላይ ሌላ ሰው አየች። ሩሲያዊው ቼኾቭም ርስታቸው በዕዳ ሲሸጥባቸው ወሬ ስለሚያወሩ ባላባቶች የጻፈውን ድርሰት «ኮሜዲ» ብሎ ጠርቶት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ታየ፤ በ1917 አብዮቱ ደረሰ።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በቀር ቴያትር አይፈቀድም ነበርና፣ የመንግሥቱን ድርሰቶች ያነበብኋቸው መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ሸዋ ሮቢት ሳስተምር «ጠልፎ በኪሴ»ን ለአንድ ክፍል ጮክ ብዬ አነበብሁ። የከተማ ጎልማሶች እንደ ባላገር ሴት ለመጥለፍ ሲመክሩ ወንዶቹ ልጆች በሣቅ ፈረሱ። ከሴቶቹ ወገን ግን ድምፅ አልተሰማም። እኅቷ ወይም የጎረቤቷ ልጅ ያልተጠለፈችባት ከመካከላቸው ጥቂት ነበረች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ልጅቱንስ ማን ጠየቃት?» አለችኝ።

ይህን የምነግርህ ደራሲውን ለመንቀፍ አይደለም። ጠለፋ በአዲስ አበባ ሻይ ቤት ለሚቀመጡ ሰዎች የአያት ወግ ሆኖ ስለ ነበረ ሊሣቅበት ተቻለ። ነገር ግን አንድ ዘመን በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይሞትም፤ በከተማ ተቀብሮ ሳለ በሮቢ ወንዝ ዳር ገና ከብቱን ሲያጠጣ ይገኛል። ሕጉ ራሱ ዘግይቷል። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር፤ ይህ የቀረው በ1997 በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የመንግሥቱ ለማ ቧልት ሕጉን 40 ዓመት ያህል ቀድሞታል።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ዓመት ያንኑ ገጽ ለሌላ ክፍል አነበብሁ። ወንዶቹ እንደ ቀድሞው ሣቁ። ከሴቶቹም የሣቁ ነበሩ፤ ያልሣቁም ነበሩ።