ከአያት አፍ ወደ መማሪያ መጽሐፍ፦ የአስቴር ጋኖ ነገር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «ከቤታችሁ አንድ ተረት ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር በቤታችሁ ቋንቋ ጽፋችሁ ኑ። ማን እንደነገራችሁም ጻፉ» አልኳቸው። ታሪክ ማለት ነገሥታትና ጦርነት ብቻ እንዳልሆነ ላሳያቸው ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ክፍሉ ደመቀ። አንዱ ተነስቶ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ከጎኑ ያለው «ይሄማ የኛ ነው!» ብሎ ዘለለ። ለካ አያቱ በኦሮምኛ «ሱታ ሱታ ሀንቃቁን ሚላን ዴምቲ» ትለዋለች። ቃል በቃል ያው ነው። አንዷ ደግሞ «በትግርኛም አለ» አለች። እንቁላሉ የማን ነው ተብሎ ክርክር ተነሳ፤ ሳቅ በሳቅ ሆንን። በገበያ፣ በጋብቻና በጉርብትና ስንገናኝ የኖርን ሰዎች መሆናችንን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምዕራፍ ከመጽሐፉ አላገኝም ነበር።

ከዚያ አንድ ልጅ ተነሳና «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ አነበበ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። እጇን አወረደች፣ ደብተሯንም ዘጋች። እኔስ ምን አደረግኩ? «ተረት እኮ ነው፣ አትቀየሙ» ብዬ አለፍኩት። ደውሉ ተደወለ፣ ወጣን።

ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ልጅቷ ምን ይዛ መጥታ እንደነበር አልሰማሁም። የሷ አያት ያለችው ነገር በኔ ዝምታ ምክንያት ደብተር ውስጥ ቀረ። ያን ጊዜ ነው አስቴር ጋኖ ትዝ ያለችኝ። በማግስቱ ትምህርቱን በሷ ታሪክ ጀመርኩ። ለናንተም ልንገራችሁ።

አስቴር የኦሮሞ ልጅ ናት። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባርነት ውስጥ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ተሻግራ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች አስቆሟቸውና ነፃ ወጣች። ያኔ ዕድሜዋ 14 ገደማ ቢሆን ነው፤ ከተማሪዎቼ እንኳ ታንሳለች። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች።

እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። እሱም የኢሉባቦር ተወላጅ ነው። በሕፃንነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዶ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሸጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ይፈልግ ነበር። ግን ከአገሩ የራቀው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ቋንቋውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጉታል። ከነዚያ አንዷ አስቴር ሆነች። በመዝገበ ቃላቱ ሥራ ተሳተፈች። ከዚያም ቁጭ ብላ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከጭንቅላቷ አውጥታ ጻፈች።

እስቲ አስቡት። ልጅቷን ከቤተሰቧ ነጥቀዋታል፣ ከአገሯም አስወጥተዋታል። እነዚያን 500 ነገሮች ግን ሊነጥቋት አልቻሉም፤ ምክንያቱም መኖራቸውንም አላወቁም። ከነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 እዚያው እምኩሉ «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተሙ። መጽሐፉ ለጀማሪ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 አስቴርና ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ፣ ወደ ነቀምት ሄደው አስተማሩ።

ቀኑን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የፈቀደው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኛ 1986 ዓ.ም. ነው። ከአስቴር መጽሐፍ ልክ 100 ዓመት በኋላ! በመሀሉ ስንት ልጅ የአያቱን ተረት ትምህርት ቤት በር ላይ ጥሎ ገባ?

ይሄን ነግሬያቸው ስጨርስ የትናንቱን ተረት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። «መጽሐፍ ቅዱሱ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ዛሬ በማን ስም ነው የሚታወቀው?» አልኳቸው። «በኦነሲሞስ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የኦነሲሞስ ሥራ ትልቅ ነው፣ ማንም አይክደውም። አስቴር ግን አወቀች፣ ነገሩ በወንድ ስም አለቀ።

አንዱ «ቲቸር፣ ታዲያ እንዲህ ዓይነቱን ተረት እናጥፋው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ አናጥፋው ባይ ነኝ። ዳኛውም ሽማግሌውም ወንድ በሆነበት ጊዜ የተባለ ነገር ስለዚያ ጊዜ ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ እንጠይቀዋለን፤ ማን ተናገረው? ለማን? ማንን ጠቀመ? ትናንት የጎደለው ይሄ ነበር። ደግሞስ ተረቶቻችን መቼ ተስማምተው ያውቃሉ? አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲል ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በተረት ሲከራከሩ ነው የኖሩት። እኛ አንዱን መዝዘን «ባህላችን እንዲህ ነው» ስንል ክርክሩን እንዘጋዋለን።

ከዚያ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በሁሉም ፊት። «ትናንት ተራሽ ነበር» አልኳት። ደብተሯን ገለጠች። በጉራጊኛ ጀመረች፣ ከዚያ በአማርኛ ተረከችልን። የጅብና የአህያ ተረት ነው። መሀል ላይ የአያቷን ድምፅ አስመስላ ስታወራ ወንዶቹም ሴቶቹም በሳቅ ፈረሱ። ሳትጨርስ ደወል ተደወለ፤ ማንም አልተነሳም።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ይሄን የቤት ሥራ ሞክሩት። እንደኔ ግን «ተረት እኮ ነው» ብላችሁ አትለፉ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ወይ ለአያታችሁ ደውሉና አንድ ተረት ጠይቁልኝ። እዚህ ሥር በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት፤ የነገረቻችሁን ሰው ስም መጻፍ እንዳትረሱ።