የሰው ድርሰት አደራ

በጥንቱ የአገራችን ልማድ አንድ መጽሐፍ ከደራሲው ልብ ወጥቶ ከአንባቢው ዐይን እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፍ ነበር። ቆዳውን ወጥሮ የሚፍቅ ብራና ፋቂ፣ ቀለሙን በጥብጦ ቃሉን የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ፣ ጥራዙን ሰፍቶ በገበታ የሚያስር ደጓሽ፣ በመጨረሻም መጽሐፉ ከጢስና ከዝናም እንዲጠበቅ የቆዳ ማኅደር የሚሰፋለት ባለሞያ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱም የመጽሐፉ ደራሲ አልነበረም፤ ዳሩ ግን አንዱ ቢያጓድል ድርሰቱ ከአንባቢው አይደርስም፣ ቢደርስም ተበላሽቶ ይደርሳል። አሁን ታሪኩን የምንተርክለት ሞያ በመልኩ ከብራናና ከቀለም እጅግ የራቀ ቢሆንም በጠባዩ ለቁም ጸሐፊውና ለደጓሹ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይኸውም ሌላ ሰው የደረሰውን ሶፍትዌር ተቀብሎ፣ መርምሮና በወግ ጠቅልሎ ለክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች የማድረስ ሞያ ነው። በዚህ ሞያ የተሰማሩት ማኅበራት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ሥራውን በሕግና በሥርዓት ካጸኑት አንዱን፣ ዴቢያን የተባለውን ማኅበር መርጠን፣ ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እየቈጠርን እንተርካለን።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ለጎረቤቱ ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ማሰቡን ዐውጆ ሥራውን ግኑ ብሎ ሰየመው። በ1991ም ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥርዓተ ክወና ልብ የሆነውን ከርነል ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ፤ ስሙም ሊነክስ ተባለ። ልብ ግን ብቻውን አካል አይሆንምና፣ በዚህ ከርነል ኮምፒዩተሩን ሊጠቀም የወደደ ሰው ጽሑፍ ማረሚያውን፣ ደብዳቤ መላኪያውን፣ ማተሚያውን የሚያዝዘውን ፕሮግራም ሁሉ ከየደራሲው ደጅ እየዞረ ማሰባሰብ ነበረበት። ያገኘው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በምንጭ ኮድ መልክ የተቀመጠ ስለ ነበረ፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የመመለሱ ድካም የራሱ ነበር፤ ሥራውንም በጀመረ ጊዜ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ይጠይቃል፣ ሌላውም ሦስተኛውን ይጠራል፣ ሦስተኛውም ከቀድሞው ጋር የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። ሁሉ ተሳክቶለት ቢሠራ እንኳ ፋይሎቹ በየማዕዘኑ ተበትነው ከሌሎቹ ጋር ስለሚቀላቀሉ፣ ኋላ ሊነቅለው በወደደ ጊዜ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ያቅተው ነበር።

እነዚህን ፕሮግራሞች ሰብስቦ በአንድነት የማደል ሐሳብ ፈጥኖ መጣ። በ1992 ኤስ.ኤል.ኤስ. የተባለ ስብስብ ተነሥቶ ብዙ ተጠቃሚ አገኘ፤ ነገር ግን ስሕተቱ በዝቶ አራሚው ያነሰ ሥራ ስለ ነበረ ብዙዎችን አስመረረ። ከተማረሩት አንዱ በአሜሪካ በኢንዲያና በሚገኘው በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ ዕድሜው ገና 20 ዓመት የነበረው ኢያን መርዶክ ነው። ይህ ወጣት ኦገስት 16 ቀን 1993 አዲስ ስብስብ መጀመሩን አስታወቀ፤ ስሙንም ከወዳጁ ከዴብራና ከራሱ ስም አጣምሮ ዴቢያን አለው። ሐሳቡም አንድ ሰው ሁሉን ተሸክሞ ከሚወድቅ ይልቅ ሥርዓቱ በጥቅል በጥቅል ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ጥቅል ስሙ የታወቀ ኃላፊ ቆሞለት፣ ሥራው በአደባባይ እንዲሠራ ነበር። እኛ አሰናጅ የምንለው ይህ ኃላፊ፣ ከደራሲው የተቀበለውን ለሕዝብ የሚያቀርብ፣ የሕዝቡንም አቤቱታ ለደራሲው የሚያደርስ፣ በሁለቱ መካከል የቆመ ባለአደራ ነው።

ጥቅሉ ራሱ ምን ዐይነት ነገር እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናብራራ። የዴቢያን ጥቅል ሲፈታ በውስጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው የጥቅሉን ቅርጽ የምታመለክት፣ 2.0 የምትል አንዲት መስመር ብቻ የተጻፈችበት ትንሽ ፋይል፤ ሁለተኛው የጥቅሉን ስም፣ ዕትሙን፣ የአሰናጁን ስም፣ አጭር መግለጫውንና ጥቅሉ ያለ እነርሱ ሊሠራ የማይችላቸውን ሌሎች ጥቅሎች የሚዘረዝረው የቍጥጥር ክፍል፤ ሦስተኛውም ፕሮግራሙ ከነፋይሎቹ ነው። የሞያው ምሥጢር በሁለተኛው ክፍል ውስጥ አለ፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ተጠቃሚ በየቤቱ ሲደክምበት የነበረውን፣ አንዱ ፕሮግራም የትኛውን እንደሚሻ መርምሮ የማወቅን ጣጣ፣ አሰናጁ አንድ ጊዜ ደክሞ ለሁሉ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ጥቅሉን የሚፈታውና የሚተክለው መሣሪያ ዲፒኬጂ ይባላል፤ በመጀመሪያ ትንሽ ነገር የነበረውን ይህን መሣሪያ በ1994 ኢያን ጃክሰን ዋና ክፍሉን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው። ዲፒኬጂ እያንዳንዱ ፋይል ከየትኛው ጥቅል እንደ መጣ መዝግቦ ስለሚይዝ ስንዴና እንክርዳዱ ያን ጊዜ ተለዩ። ከዚያም በማርች 1999 በወጣው በ2.1ኛው ዕትም ኤ.ፒ.ቲ. የተባለው መሣሪያ ሲጨመር፣ ተጠቃሚው አንዱን ጥቅል በስሙ ቢጠራ ተከታዮቹ ሁሉ በየመስመራቸው ተሰልፈው ከሩቅ ማኅደር የሚመጡለት ሆነ። ማኅደር ያልነው በአውታረ መረብ ላይ ያለውን የጥቅሎች ግምጃ ቤት ነው፤ የቆዳው ማኅደር ስም ለዚህ ቢሰጥ ያለ ምክንያት አይደለም።

ማኅበሩ ስለ ስሙ መጠንቀቅን የተማረው ቀደም ብሎ ነው። አንድ የሲዲ ሻጭ ገና ያላለቀውን ሥራ 1.0 ብሎ አትሞ ስለ ሸጠው፣ ማኅበሩ ሰዎች ያላለቀውን ካለቀው እንዳያምታቱ ያን ቍጥር ጨርሶ ዘለለውና የመጀመሪያውን ሙሉ ዕትም በጁን 1996 1.1 ብሎ አወጣው፤ በውስጡም 474 ጥቅሎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ መሪ የነበረው ብሩስ ፔረንስ በፒክሳር የፊልም ድርጅት ይሠራ ስለ ነበረ የዕትሞቹ ስም ቶይ ስቶሪ ከተባለው ፊልም ተወሰደ፤ አዳዲስ ጥቅሎች አስቀድመው የሚገቡበትና ምንጊዜም የማይረጋው የሥራ ክፍልም፣ መጫወቻዎችን በሚሰባብረው ልጅ ስም ሲድ ተባለ። የጥቅሎቹ ቍጥር በጁላይ 1998 ከ1,500 አለፈ፤ በጁን 2023 በወጣው በ12ኛው ዕትም ከ64,000 በላይ ሆነ።

ቍጥር ሲበዛ ሕግ ያስፈልጋል። በጁላይ 1997 ማኅበሩ ማኅበራዊ ውል የተባለ ሰነድ አጸደቀ፤ ከውሉም ጋር አንድ ሶፍትዌር ነጻ ነው የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደ ሆነ የሚደነግግ መመሪያ ወጣ። ይህ መመሪያ በ1998 የክፍት ምንጭ ትርጓሜ ለተባለው ሰነድ መሠረት ሆነ። ሕጉም ለወረቀት ብቻ እንዳልተጻፈ ወዲያው ታየ። በ1998 ኬ.ዲ.ኢ. የተባለውን፣ ለዐይን ያማረና በብዙዎች የተወደደ የስክሪን ገጽታ ማኅበሩ ከማኅደሩ አስወጣው፤ ምክንያቱም ኬ.ዲ.ኢ. የቆመበት ክዩት የተባለው መሠረት ፈቃዱ ከኬ.ዲ.ኢ. ፈቃድ ጋር የማይጣጣም ነበረ። ብዙዎች ነገሩን የፊደል ክርክር አድርገው ቢያዩትም፣ በሴፕቴምበር 2000 የክዩት ባለቤቶች ፈቃዳቸውን ለውጠው ክርክሩ በሰላም ተፈታ። ከዚህ የምንማረው አሰናጅ ማለት የደጅ ጠባቂም ሥራ ያለበት መሆኑን ነው፤ ያማረውን ሁሉ አያስገባም፣ የሚያስገባውንም ያለ ፈቃድ ወረቀቱ አያስገባም።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ግን አብዛኞቹ ደመወዝ የማይቈረጥላቸው በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን አለመዘንጋት ይገባል። ወደ ማኅበሩ ሊገባ የሚሻ ሰው ከአባላቱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ፣ የመታወቂያ ወረቀቱን አሳይቶ፣ የምሥጢር ቁልፉን በአባላቱ ፊርማ ያስመሰክራል፤ ከዚያም በኋላ የሚልከው ጥቅል ሁሉ በዚሁ ቁልፍ የታተመ ይሆናል። አሰናጁ ሲደክመው ወይም ሲሞት ጥቅሉ ወላጅ አልባ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላውም እንደ ጉዲፈቻ ልጅ እስኪወስደው ድረስ በዚያ መዝገብ ይቈያል። በኦገስት 2000 የወጣው 2.2ኛው ዕትም መታሰቢያነቱ ለጆል ክሌከር ሆኖ ነበር። ይህ ወጣት አባል ዕትሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጁላይ 11 ቀን በ21 ዓመቱ ዐረፈ፤ ለማኅበሩ ሲደክም በኖረበት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ በሚያመነምን ደዌ ታስሮ ከአልጋ ሳይወርድ እንደ ነበረ ከባልንጀሮቹ የሚበዙት አያውቁም ነበር። እነርሱ የሚያውቁት የእጁን ሥራ ነው፤ የእጁ ሥራም አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሥራ አይመስልም ነበር።

ዳሩ ግን ትጋት ብቻውን ከስሕተት አያድንም። ቁም ጸሐፊ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው፤ አንድም እንቅልፍ ጥሎት ቃል ሲዘል፣ አንድም የደራሲው ቃል ስሕተት መስሎት ሊያቃና ሲያበላሽ፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይከፋል። በ2006 የዴቢያን አሰናጆች አንዱ፣ ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የተባለውን የምሥጢር ቁልፎች ማመንጫ ሲያሰናዳ፣ ስሕተት የሚፈልግ መሣሪያ ሁለት መስመሮችን ነቀፈበት፤ አሰናጁም ከደራሲዎቹ ዘንድ ጠይቆ ብርቱ ተቃውሞ ስላላገኘ መስመሮቹን ሻረ። ከተሻሩት አንዱ ግን የቁልፉን ዕጣ የሚያቀላቅለው ዋናው መስመር ነበር። ከዚያ በኋላ ለዕጣው የቀረለት የፕሮግራሙ ተራ ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ለቍጥር የሚያዳግቱ ሊሆኑ የሚገባቸው ቁልፎች በየዐይነታቸው ወደ 32,768 ወረዱ፤ ይህን ያህሉንም ማንም ሌባ በአንድ ቀን ፈትሾ ሊጨርሰው ይችላል። ነገሩ ሜይ 13 ቀን 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ይፋ ከሆነም በኋላ በየአገሩ ያሉ የኮምፒዩተር አስተዳዳሪዎች ቁልፎቻቸውን እየጣሉ እንደ አዲስ ማመንጨት ግድ ሆነባቸው።

ይህን የሰማ ሰው፣ እንግዲያው አሰናጁ የደራሲውን ሥራ ሳይነካ እንዳለ ቢያሳልፍ ይሻላል ይል ይሆናል። ለዚህ ሐሳብ መልስ የሰጠው የ2024 ታሪክ ነው። ኤክስ.ዜድ. የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለብዙ ዓመታት ብቻውን የጠበቀው ደራሲ በደከመ ጊዜ፣ እውነተኛ ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ረዳት ቀረበው፤ ሁለት ዓመት ያህል በትጋት አገልግሎ አመኔታ ካገኘና ዕትም የማውጣት ሥልጣን ከተቀበለ በኋላ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ስውር በር ከፈተ። ተንኰሉ በሁሉ ፊት በተገለጠው ምንጭ ኮድ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይገኝም ነበር፤ ማስነሻዋ መስመር ለአሰናጆች በሚታደለው እሽግ ውስጥ ብቻ ተሸሽጋ፣ ፕሮግራሙ በዴቢያን ወይም ሌሎች ማኅበራት በሚጠቀሙበት በአር.ፒ.ኤም. ጥቅል መልክ ሲሰናዳ ብቻ ትነቃ ነበር። እንዲህ አድርጎ የአሰናጆችን ሞያ ራሱን ወጥመድ አደረገው። ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ያስገረመው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ምክንያቱን ሲፈልግ በሩን አገኘውና ማርች 29 ቀን ይፋ አደረገው። ክፉው ዕትም ወደ ሲድ ገብቶ ነበር፤ ወደ ረጋው የዴቢያን ዕትም ግን አልደረሰም፤ ጥቅሎች ተፈትነው እስኪያልፉ ድረስ በደጅ የሚቈዩበት ያ ሲዘገይ የሚነቀፈው ሥርዓት በዚያ ቀን ጠቀመ።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ምክራቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው አሰናጁ ሳይረዳ ነካ፤ በሁለተኛው አሰናጆቹ ሳይመረምሩ አሳለፉ። አደራ ማለት እንግዲህ አለመንካት ብቻ አይደለም፣ ማረም ብቻም አይደለም፤ የተቀበሉትን ነገር ከሚሰጡት ሰው በፊት አንብቦ መረዳት ነው።

ይህ ሞያ ከእኛም ደጅ ደርሷል። በፌብሩዋሪ 2009 በወጣው በ5.0ኛው ዕትም ዴቢያንን የሚተክለው ፕሮግራም አማርኛ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል ቅርጽም በማኅደሩ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ጥቅሎች ኃላፊ ቆሞለት ተቀምጧል። ያን ጥቅል ለተከለ ሰው ኮምፒዩተሩ ፊደላችንን የሚያሳየው የፊደሉን ቅርጽ የቀረጹት ባለሞያዎች ስለ ደከሙ ብቻ አይደለም፤ በመካከል ሌላ ሰው ፈቃዱን አንብቦ፣ ጠቅልሎና አትሞ ስላቀበለውም ነው።

የአገራችን ቁም ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ፣ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቆ፣ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይማጠን ነበር። በእያንዳንዱ የዴቢያን ጥቅል ውስጥም የለውጥ መዝገብ የሚባል ፋይል አለ፤ በእያንዳንዱ ዕትም ሥር ምን እንደ ተለወጠ፣ የትኛው አቤቱታ መልስ እንዳገኘ፣ በመጨረሻም የአሰናጁ ስም፣ አድራሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ከተጠቃሚዎች የሚበዙት ይህን ፋይል ከፍተው አያዩትም። የሚከፍተው ሰው ግን የሚያገኘው ጸሎት የሚለምን ሳይሆን ስሕተት ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው ስም ነው።