ጁባ ውስጥ በሥራ ላይ ጉዳት የሚደርስበት ኢትዮጵያዊ ካሳ የሚጠይቀው በየትኛው ሕግ ነው?
በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ በሆቴል ወይም በግንባታ ሥራ የተሰማራ ኢትዮጵያዊ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት፣ የካሳ ጥያቄው የሚታየው በአገሪቱ የአውሮፓውያኑ 2017 የሠራተኛ ሕግ ነው።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። አሠሪው ካሳውን ራሱ በሚከፍልበት ጊዜም፣ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሠራተኛ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይወስናል። ይህ ስሌት ግን ድንበር አይሻገርም።

በቃል ስምምነት ብቻ የተቀጠረ ሰው የመጀመሪያው ፈተናው ሠራተኛ መሆኑን ማስረዳት ነው። ስለዚህም ደመወዝ የተከፈለበት ሰነድ፣ የጉዳቱን ቀንና ሁኔታ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ እንዲሁም የዓይን ምስክሮች ወሳኝ ናቸው። በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ የስምምነት ሰነድ ላይ ሳያስተረጉም መፈረም ግን መብቱን ሊያሳጣው ይችላል።