የባሕር ሕግና የመርከበኛ ትምህርት

የሰው ልጅ በመርከብ ባሕር መሻገር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን የመርከበኛን ሥልጠና፥ የምስክር ወረቀቱንና የተረኛ ጥበቃውን ሥርዓት በአንድነት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ሕግ የተጻፈው ገና በ1978 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሁሉ ዘመን ለምን አለፈ? መልሱን ለማግኘት የባሕር ሕግ ያደገበትን መንገድ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል፤ ሕግ በመጀመሪያ የተመለከተው መርከቡን፥ ቀጥሎም ዕቃውን ሲሆን፥ በመርከቡ ላይ ወደሚሠራው ሰው የደረሰው በመጨረሻ ነውና።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር አንዳንድ የመርከብ ባለቤቶች አርጅተው የላሸቁ መርከቦችን ከልክ በላይ እየጫኑ ወደ ባሕር ይልኩ ነበር። መርከቡ ቢሰጥም የኢንሹራንስ ገንዘብ ስለሚከፈላቸው የሚደርስባቸው ኪሣራ ጥቂት ነበር፤ የሚጠፋው የመርከበኛው ነፍስ ነው። ሕዝቡም እነዚህን መርከቦች «የሬሳ ሣጥን» እያለ ይጠራቸው ጀመር። የፓርላማ አባል የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ብዙ ከተሟገተ በኋላ፥ በ1876 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ መርከብ ጎን ላይ የጭነት ልክ የሚያሳይ ምልክት እንዲደረግ ታዘዘ። ይሁን እንጂ ምልክቱ በየት ላይ እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ባለቤቱ ነበር፤ ይህ ጉድለት የታረመው ከ14 ዓመት በኋላ በ1890 በወጣው ሕግ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት የተገኘው ከታይታኒክ ጥፋት ነው። ይህች 46,000 ቶን ያህል የነበራት መርከብ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 14 ቀን 1912 ሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ፥ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 2,200 ያህል ሰዎች ውስጥ ከ1,500 የሚበልጡት አለቁ። የነበሯት ጀልባዎች 20 ሲሆኑ ሊይዙ የሚችሉት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። የሚያስደንቀው ግን መርከቢቱ ሕግ አለመጣሷ ነው። ደንቡ የወጣው መርከቦች ገና ትናንሽ በነበሩበት ጊዜ ስለነበረ፥ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃል ይል ነበር። እንግዲህ ደንብን መፈጸምና ከአደጋ መዳን ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከዚህም ሌላ፥ የነበሩት ጀልባዎች እንኳ በሚገባ አልሠሩም። 40 ሰው ሊይዝ የሚችል አንድ ጀልባ 12 ሰዎችን ብቻ ይዞ ወረደ፤ አንዳንድ መኮንኖች ጀልባው ሞልቶ በገመድ ሲወርድ ይሰበራል ብለው ይሰጉ ነበር። መንገደኞቹም ወደ የትኛው ጀልባ መሄድ እንዳለባቸው አስቀድሞ ልምምድ አልተደረገላቸውም። በአቅራቢያው የነበረ የሌላ መርከብ የሬድዮ ሠራተኛ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ተኝቶ ስለነበረ የጭንቅ ጥሪውን አልሰማም።

ከዚህ በኋላ የ13 አገሮች መልእክተኞች በሎንዶን ተሰብስበው ጥር (ጃንዋሪ) 20 ቀን 1914 የመጀመሪያውን በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ውል ፈረሙ። ውሉ ለተሳፋሪ ሁሉ የሚበቃ የነፍስ አድን ጀልባ እንዲኖር፥ ልምምድ እንዲደረግና የሬድዮ ጥበቃ እንዳይቋረጥ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን የዓለም ጦርነት ስለተነሣ በታሰበው ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ውሉም በ1929፥ በ1948፥ በ1960 እና በ1974 እየታደሰ ተጽፏል።

ዕቃ ማብዛት ብቻውን ደኅንነት አለመሆኑ ወዲያው ታየ። በ1915 ኢስትላንድ የምትባል የሽርሽር መርከብ በቺካጎ ወንዝ ላይ ከወደቧ እንደታሰረች ተገልብጣ 844 ሰዎች ሞቱ። ቀድሞውንም ሚዛኗ የማያስተማምን ነበር፤ በላይዋ ላይ ተጨማሪ ጀልባዎችና ታንኳዎች መጫናቸው ለመገልበጧ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከታይታኒክ በኋላ ለነፍስ ማዳኛ የተፈለገው ዕቃ ሚዛኑን ባልመረመሩ ሰዎች እጅ ለጥፋት ረዳ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመርከብ ባለቤት ከአንድ አገር፥ ሰንደቅ ዓላማው ከሌላ አገር፥ መርከበኞቹም ከሦስተኛ አገር መሆናቸው እየተለመደ ሄደ። በዚህም ምክንያት አንዱ መንግሥት የሰጠውን የምስክር ወረቀት ሌላው እንዴት ይመነው የሚለው ጥያቄ ከበደ። ከላይ የተጠቀሰው የ1978 ውል የተፈረመው ለዚህ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ1984 ነው። ሆኖም ብዙውን ነገር ለየመንግሥታቱ ፈቃድ ስለተወው፥ በ1995 እንደገና ተሻሽሎ፥ ሠልጣኙ ችሎታውን በሥራ እንዲያሳይ፥ መንግሥታትም የሥልጠናቸውን ሁኔታ ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እንዲያስታውቁ ግዴታ ሆነ። ዛሬ ማናቸውም መርከበኛ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በውኃ ላይ ነፍስን ማቆየት፥ እሳት ማጥፋትና የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ይማራል፤ በ24 ሰዓትም ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠዋል።

ጥፋቱ ሁሉ የመርከበኛው ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳው ደግሞ በ1987 በቤልጅግ አገር በዜብሩገ ወደብ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው። ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የምትባለው መርከብ የፊት በሯ ሳይዘጋ ተነሥታ ተገለበጠች፤ 193 ሰዎችም ሞቱ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ተኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ካፒቴኖች የበሩን መዘጋት የሚያመለክት መብራት እንዲገባላቸው ቀደም ሲል ኩባንያውን ጠይቀው ሳይፈጸምላቸው ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በየብስ ላይ የተቀመጠው ሹም ጭምር ኃላፊ የሚሆንበት የአመራር ደንብ በ1993 ጸድቆ ከ1998 ጀምሮ ግዴታ ሆነ።

ይህም ሆኖ በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በኢጣልያ ጠረፍ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፥ በዚያው ቀን ከተሳፈሩት መንገደኞች ብዙዎቹ ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር፤ ደንቡ የ24 ሰዓት ጊዜ ይፈቅድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲደረግ ተወስኗል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1955 የባሕር ኃይል አቋቁማ በቀይ ባሕር ጠረፍ መርከበኞች ታሠለጥን ነበር። ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ የንግድ መርከቦቿ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳሉ፤ በጣና ዳር በባሕር ዳር ከተማም የመርከብ መሐንዲሶች ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረዋል። የእነዚህ ወጣቶች ምስክር ወረቀት በማናቸውም ወደብ የሚከበረው ከበስተኋላው እውነተኛ ትምህርት ሲኖር ነው፤ ያለ ዕውቀት የተሰጠ ወረቀት ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚጓዘውን ሁሉ ያሰጥማል።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት በባሕር ሕግ ታሪክ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ እያንዳንዱ አንቀጽ በብዙ ሰው ሞት የተገዛ ነውና። የሠልጣኙ መምህር፥ የምስክር ወረቀቱ ፈራሚና የወደቡ ተቆጣጣሪ ይህን ዕዳ ቢያስቡት፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሌላውን ምክር ለመፈጸም ይበቃሉ። ልምምዱም ለወግ ያህል ሳይሆን ነገ ሌሊት እንደሚያስፈልግ ሆኖ መደረግ ይገባዋል።